ከባሕር ወለል በላይ

በየማለዳው፣ ጀልባ ሳይነሣ፣
ውሃው ውስጥ ከተተከለው ብረት ቁጥር ላነሣ
ወደቡ ጫፍ ላይ ጎንበስ እላለሁ፤
ጣና ስንት ጣት ጨመረ፣ ስንት ጎደለ፣ በእርሳስ እጽፋለሁ።
ደመወዜ ይኸው ነው፤ ሐይቅ መለካት፤
ሚስቴም ትስቃለች፤ "ዛሬስ አደገ ወይ?" ትለኛለች በእራት።

ቁጥር ያስፈራኝ፣ ቁጥር ያስወደደኝ መምህር አንማው ነው።
ሽምብጥ፣ ስድስተኛ ክፍል፣ የመስከረም ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው
ድምፁን ከፍ አድርጎ "ብራዚል!" ቢለን
"ኳስ!" ብለን ጮኽን።
"የለም" አለ፣ "ተራራ።"
በጠመኔ ስባሪ፣ ጥርሱ የረገፈ መጋዝ የመሰለ ሰንሰለት ሠራ።
"ማንቲኬራ ነው ስሙ፤ በጥንቱ ሰዎች አፍ
የሚያለቅስ ተራራ ማለት ነው ይላሉ፤ ምንጩ ከጎድኑ ሲንጠፈጠፍ።
ከላዩ፣ ከብራዚል ከተሞች ሁሉ ከፍ ብላ የተቀመጠች
ካምፖስ ዶ ዦርዳው የምትባል አለች፤
የዮርዳኖስ መስክ እንደማለት..."
"ታቦት ይወርድባታል?" አለ አንዱ፣ ገና ሳይጨርሳት።
ሳቀ። "የለም፤ ዮርዳኖስ ያልኳችሁ የአንድ ባለርስት ስም ነው፤
መሬቱን ገዛ፣ ስሙ ቀረ፤ እሱን አፈር በላው።
ሐምሌ ላይ፣ እኛ ጭቃ ስናቦካ፣ እዚያ ውርጭ ይወርዳል፤
ጥዱም እንደኛ ጥድ አይደለም፤ ክንዱን አንሥቶ እንደ መቅረዝ ይቆማል።"

ታሪኩ ላይ ሲደርስ ግን ረጋ አለ፤ ቃሉን እንደ ቁልቁለት ረገጠው።
"ሳንባው የታመመ ሰው፣ ጎረቤት ኩባያ የለየበት፣ ደም የተፋ፣
ከቆላው ሙቀት ሸሽቶ እዚህ ወጣ፤ አየሩ ያድናል ተብሎ፣ በተስፋ።
መጀመሪያ በበቅሎ። ኋላ ባቡር ተሠራ፤
ሽቅብ፣ መስኮቱ እንደተከፈተ፣ እያቃሰተ፣ ከነተሳፋሪው ጋራ።
ይቺን ከተማ ያቀናት ንጉሥ አይደለም" አለን፣ "ሳል ነው።"
መሐረቡን አፉ ላይ ያዘ።
የሰማነው ዝናቡን ነበር፤ እሱን ልብ ያለው ማን ነው?

ከዚያ ጻፈ፦ ከባሕር ወለል በላይ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ስምንት ሜትር።
ዘምዘም እጇን አወጣች፤ ደንገል የላጠው ጣቷ የታሰረ በነጠላ ክር።
አባቷ ታንኳ ይጠምራል።
"የቱ ባሕር?" አለች።
"እንዴት የቱ?"
"ባሕር አሉ እኮ። የኛ ባሕር ነው፣ ወይስ ሌላ?"
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እሱ አልሳቀም።
በመስኮቱ፣ ከዋርካው ማዶ፣ ግራጫውን ውሃ አየ፤ ብዙ ቆየ፤ አልተናገረም።
ከቁጥሩ በላይ ሌላ ቁጥር ጻፈ፦
አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ስድስት።
"ይኼ የጣና ፊት ነው። ሃያ ዓመት አስተማርኩ" አለ፣
"አንድ ቀን እንኳ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳላቆም።
ዘምዘም፣ አባትሽ ሲቀዝፍ
ከዚያ ሁሉ ጥድ፣ ከዚያ ሁሉ ጣሪያ በላይ ነው የሚያልፍ።
አምባዛው ጭቃ ውስጥ ተኝቶ እንኳ ከባቡሩ መድረሻ ይበልጣል።"
እኛ፣ ሜዳ ላይ ነን ስንል የኖርን፣ በዛዊትን ተራራ የምንል፣
ዴስካችንን ጨበጥን፤
የምንወድቅ መስሎን ቁልቁል።

ግንቦት ላይ አልመጣም። ሌላ መምህር መጣ፤
የሱ ወሬ ግን በሹክሹክታ ወጣ፤
ኩባያው ተለይቷል አሉ።
እነዚያ ባቡር ተሳፍረው የፈለጉትን አየር፣
ከዚያም ከፍ ያለውን፣ በነፃ ሲተነፍስ ነበር፤
ምን ጠቀመው? እንጃ።
እኔ የማውቀው ቁጥር ነው።

ዘምዘም ዛሬ የዓሣ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ናት፤ ሚዛን አይሸውዳትም።
አንዳንድ ጠዋት በአጠገቤ ስታልፍ
"ባሕሩ ስንት ነው?" ትለኛለች።
"የቱ ባሕር?" እላታለሁ።
ስቃ ታልፋለች።
ብረቱን በመዳፌ አብሼ እንደገና አነባለሁ።
ከትናንት ሁለት ጣት ቀንሷል።
እጽፋለሁ።