ጥፋቱ የማን ነው?

ጥር ነው። በኦውሉ ከተማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀኑ አለቀ፤
በረዶው ከጫማዬ ሥር እንደ ቆሎ ደቀቀ።
ኢርመሊ በሯን ከፍታ ቆማ ትጠብቀኛለች፤
«ግራው ነው የታመመው፤ ቀኙስ ደህና ነው» አለች።

ካርታ ሠሪ ናት፤ የሐይቅ፤ ላዩን ሳይሆን ወለሉን፣
ከውሃ ሥር ያደፈጠውን አለቱንና ገደሉን።
በግራው ስክሪን መስመር፣ በቀኙ ስክሪን ቁጥር፤
ዓይኗ በሁለቱ መሐል ሲመላለስ የሚያድር።
«ብልጭ ይልና ድርግም፤ ሁለት ሰከንድ ይጠፋል፤
ሲመለስ ደግሞ ሐሳቤ ከእጄ ላይ አምልጦ ያልፋል።
አሥራ አንድ ሜትር ነበረ? አሥራ ሰባት? እረሳለሁ፤
ጀልባ የሚያምነውን ቁጥር በግምት እንዴት እጽፋለሁ?
ይኸው፣ ሰዓቱን መዝግቤያለሁ» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ፤
ሳላነብ ኪሴ ከተትኩት። ያኔ አላስፈለገችኝ።

«ጥፋቱ የማን ነው?» አልኩ። እንጀራዬ ይህ ጥያቄ ነው።
እንደ መንደር ዳኛ ተቀመጥኩ ወለል ላይ፣
ከጠረጴዛው ሥር፣ ከአቧራው አደባባይ፤
ተከሳሽ በየተራው ይቅረብ አልኩ።

ገመዱ ቀረበ። ነቀልኩት፤ አጥብቄ መልሼ ሰካሁት፤
የግራውን ለቀኙ፣ የቀኙን ለግራው አዛወርኩት።
ሕመሙ ገመዱን ተከትሎ ወደ ቀኝ ከተሻገረ
በደለኛው ገመዱ ነው፤ ካልሆነ ስክሪኑ ነበረ።
አልተሻገረም፣ አልቀረም፤ ጭራሽ ብቅ አላለም፤
ሐኪም ደጅ ሲደርስ በሽተኛው አይታመም።

ቀጥሎ እድሳቱ፦ ቀኙ በሰከንድ ስልሳ፣
ግራው ሰባ አምስት ጊዜ ሥዕል ጥሎ የሚያነሳ።
«አንድ ቀንበር» አልኩ «ለፈጣንና ለዘገምተኛ በሬ!»
ሁለቱንም ስልሳ አደረግሁ፤ ኮራሁ በምክሬ።
ድራይቨሩን ገፍፌ አዲሱን አለበስኩት፤
ማከፋፈያውን ትቼ ከግድግዳው ሶኬት ሰካሁት፤
ማቀዝቀዣው ይሆን ብዬ እሱንም አጠፋሁት።
አርባ ደቂቃ ሙሉ ስክሪኖቹ እንደ ሁለት ሚዜ
ቀጥ ብለው አበሩ።

«በቃ፣ ደህና ሆነ» ብዬ ቦርሳዬን ዘጋሁ።
ልትሸኘኝ ከወንበሯ ተነሳች፤
ግራው ጠፋ።

ቆምን።
ብርሃኑ ተመለሰ።
«ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። ምንም።
«ተነሺ።»
ጠፋ።
የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት እንደ ተማሪ ልጅ
ሰባት ጊዜ አስነሳሁ፣ ሰባት ጊዜ አስቀመጥኳት፤
በስምንተኛው ሣቅ ገደላት።

ወንበሩ ነው! ከተዘጋ ባንክ፣ በጨረታ የመጣው፣
ሆዱ ውስጥ ጋዝ ታምቆ ዝቅ ከፍ የሚያደርገው።
ሰው ሲነሳ ከብረት እግሩ የማይታይ ብልጭታ ይዘላል፤
በደረቁ የጥር አየር፣ በሱፍ ሹራቧ ይበረታል፤
መከለያው የሳሳ ርካሽ ገመድ ካገኘ
ስክሪኑን ዓይኑን ያስጨፍነዋል።
ስንት ተከሳሽ አንገላታሁ፤
የጥፋቱ መነሻ ለካ መነሳቷ።

አጭርና ወፍራም ገመድ ከቦርሳዬ አወጣሁ፤
ስሰካው ወረቀቷ ከኪሴ ወደቀ። አነሳሁ።
ሌሊት ስድስት ከሩብ። ሰባት ከሃያ። ስምንት።
ዘጠኝ ከአምስት። እንደገና ዘጠኝ ተኩል።
ከሥሩም የሌላ ሌሊት፣ ከሥሩም የሌላ፤
በእርሳስ፣ እንደ ሐይቅ ጥልቀት የተደረደረ።
«በእነዚህ ሰዓቶች ሁሉ...» ብዬ ሳልጨርስ፣
ከወዲያኛው ክፍል ትንሽ ደወል ጮኸ።

ወንድሟ ፔንቲ ነው፤ አልጋ ከያዘ ሁለተኛ ክረምቱ፤
ጎኑን ካላገላበጡት ይቆስላል ሰውነቱ።
ኢርመሊ ተነሳች።

ግራው ስክሪን እንደበራ ቆየ፤ አሥራ ሰባት ሜትር፤
እኔ ግን ወረቀቱና እርሳሱ እጄ ላይ ነበር፤
ምንም ሳይጠፋ ጻፍኩ፦
አሥራ አንድ ከሃያ።