ሦስተኛው ቅጠል

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሐመሶ ደወለ፤
«የቦራ ሆድ ተነፋ፣ ሊፈነዳ ነው» አለ፤
«የከብት ሐኪሙ ስልኩን አያነሳ፤
ዱካሌን ጫንልኝ፣ ቶሎ በል ተነሳ።»

ጥቁር ውሃ ስደርስ ቆማለች በር ላይ፤
እኔ ደግሞ የዋሁ፣ የነገራት ሰማይ
መስሎኝ ስደነግጥ፣ ሳቀች ከት ብላ፤
ለካስ ስልክ ይዛለች ባንገት አንጠልጥላ።

ባጃጄ ውስጥ ገባች። ዓይኗ አጥር ለአጥር፤
ግራዋው ቀላል ነው፣ ሞልቷል ከቄራው ሥር፣
ዘነጠለች እቅፍ። ፌጦው ከቤት መጥቷል፣
በጨርቅ ተቋጥሮ ጉያዋ ተሸጉጧል።

ሦስተኛው ነው ጣጣው።

ሐዋሳ በዚህ ሰዓት ለውሻና ለእኛ ናት።
«እዚህ ነበር» አለች፤ ባንክ ቆሞበታል።
«ከዚያ ማዶ ነበር»፤ ኮብልስቶን ለብሷል።
«ወንዙ ዳርስ?» ወንዙ የለም፤
ቱቦ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሄደው ዘንድሮ።
«ስሙን ንገሪኝና አብሬሽ ልፈልግ» አልኳት።
«ስሙ ካፍ ከወጣ ቅጠሉ አይሠራም፤
አንተ ደግሞ ወሬኛ ነህ» አለች። አልዋሸችም።

ሐይቁ ዳር ሆቴል አለ። እዚያ አጥር ውስጥ አየችው፣
አበባ መሐል፣ ማንም ሳይተክለው።
ዘበኛው ከነዱላው ብቅ አለ፤
«ምን ልትሰርቁ ነው?»
«ላም ተነፍታብን።»
ዝም አለ። ዱላውን ከግንቡ አስደገፈ።
«የእናቴም ላም እንዲሁ ነው የሞተችው» ብሎ ከፈተ።

ባትሪ ሊያበራላት ሲል፦
«አጥፋው! ዙሩ ሁለታችሁም!»
ዞርን።
ሁለት ሙሉ ሰው፣ ፊታችን ወደ ሐይቁ፣
ጀርባችን ለባልቴት፤
ከኋላችን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቅጠል ሲቀነጠስ።
ጉማሬ ይሁን ሌላ፣ አንድ ነገር ውሃው ላይ ተነፈሰ።

የቦራ ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣
ምላሷ ተጎልጉሎ፣
ሐመሶ ቀንዷን ይዞ፣ እኔ መንጋጋዋን፣
በለስላሳ ጠርሙስ ጋተቻት አረንጓዴውን።
ከዚያ ጎኗን አሸች፣ እያጉረመረመች፣
በሲዳምኛ ይሁን በላምኛ እንጃ።
ጠበቅን።
ጠበቅን።
ጎህ ሊቀድ ሲል ቦራ አገሳች፤
ሰፈሩ ሸተተ፣ እንዲህ ያለ ሽታ
ደስ ይለኛል ብዬ አስቤም አላውቅ።
ሐመሶ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።
ዱካሌ እጇን ታጥባ፣ «ሒሳብህን ከእሱ ተቀበል» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሆቴሉ ጋ ሄድኩ፣
የቱ ቁጥቋጦ እንደተቀነጠሰ ለማየት።
አትክልተኛው በትልቅ መቀስ
ሁሉንም እኩል ከርክሞ ጨርሷል።