ላላ ያለ ቋጠሮ

መብራት በጠፋ ለት፣ ደሴ ስትጨልም፣
መምህር አሊጋዝ «ዛሬማ አያመልጥም»
ብሎ ዘጠኛችንን ጦሳ ላይ አወጣን፤
ጉሙን ረግጠን አለፍን፣ ታኅሣሥ በጆሮ ቀጣን።
ቴሌስኮፑ አሮጌ ነው፣ አንድ እግሩ በሽቦ፣
ሌላው በጠጠር ቆሞ፣ በጋቢያችን ተከቦ።

«ሱረያ ናት» አለች ዙበይዳ፣ ዓይኗን ሰክታ፤
«ሰባቱ ከዋክብት» አለ ይትባረክ በእርጋታ።
አሊጋዝ ሳቀና፦ «ስሟ አያጣላችሁ፤
ሰባት መስላ ታየች እንጂ፣ ሺህ አለች ከፊታችሁ።
ከአንድ ደመና ማሕፀን፣ ከጋዝ ከአቧራ፣
የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፣ የተነሱ በጋራ።
አጥር የላቸው፣ ገመድ የላቸው፤ የያዛቸው ነገር
እርስ በርስ መሳሳብ ነው፤ እሱም ቀጭን ክር።

ሲዞሩ ሲዞሩ ድንገት ሁለት ኮከብ ይቀራረባል፤
ከባዱ ፍጥነት ይሰጣል፣ ቀላሉ ይቀበላል።
የሰጠው ወደ መሀል፣ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤
የተቀበለው በጠርዝ ሾልኮ ይወጣል።

ማንም አላባረረው።
ፀብ የለም። ሒሳቡ ነው።

ፍኖተ ሐሊብ ደግሞ ከውጭ ትስባለች፤
ጠርዝ የቆመውን ሁሉ፣ አንድ አንድ እያለች፣ ትለቅማለች።»

«መሀል የገባውስ?» አለች ዙበይዳ።
«እሱማ ይደምቃል።
ነዳጁንም ቶሎ ይጨርሳል።»

መብራቱ መጣ። ደሴ ከሥራችን ቦግ አለች፤
ሱረያ ሳሳች፣ ግማሿ ጠፋች።
ወረድን።

ከዘጠኛችን ማንም ከማንም አልተጣላም።
ይትባረክ ጅማ ነው አሉ። የሁለቱን አላውቅም።
ዙበይዳ፣ ከሁላችን ከባዷ፣
መሀል ገብታ ደመቀች፤ አርባ ሳይሞላት ቀበርናት።
እኔ ቀላሉ የተወረወርኩት ኮምቦልቻ ድረስ ነው፤
ሃያ ምናምን ኪሎሜትር፣
ለመመለስ ግን አንድም ቅዳሜ አልበቃኝም።

አሊጋዝ ያን ለት፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ባትሪውን እያበራልን፦
«የተበተነን ኮከብ በመልኩ አታገኙትም።
ብርሃኑን ሰንጥቃችሁ እዩ፤
የደመናው ቅመም እዚያው አለ፣ አይለቅም» ብሎ ነበር።
እኔ እንዳልወድቅ እግሬን እያየሁ ነበር፣
በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት።

ባለፈው፣ አዳማ መናኸሪያ፣
ሻንጣዬ ተሰርቆ እንደ ምሰሶ ቆሜ፣
አንድ ራሰ በራ ትኬት ቆራጭ ትከሻዬን ያዘኝ።
አላወቅኩትም። አላወቀኝም።
ኪሱን ፈትሾ የትራንስፖርት ሰጠኝና
«አብሽር» አለኝ፣
ያንኑ «አብሽር»፣ በዚያው ዜማ።

አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፣
እንደዚያ ሌሊት።