የጭራ መብራት

ከዚራ ቀትር ነው፤ ቅጠሉ ዝም ብሏል፣
መብራት ከሄደ ወዲህ ማራገቢያው ቆሟል፣
የላፕቶፔም ባትሪ ከግማሽ ወርዷል።

ከጣቢያው ጓሮ፣ ከሽንኩርቱ መጋዘን
ሮብሌ ይመዝናል፣ እኔ እመታለሁ ቁጥሩን።
(«አንተ» ነው የምለው፣ ሰባ ዓመት ቢሞላው፤
«እርስዎ» ያልኩት ቀን ነው እሱን የሚከፋው።)

«ሃምሳ ስምንት!» አለ።
«ስልሳ አንድ!» አለ።
«ስልሳ ሁለት!» አለና ሚዛኑን ለቀቀ፤
ወደ ውሃው ጀሪካን እያዘገመ ራቀ።

አለቀ ማለት ነው። ኮንትሮልን ይዤ ዲን ተጫንኩ።
ያ በሲ የጻፍኩት፣
ሳቢያን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሌሊት ያነጠርኩት
ፕሮግራም ግን ማለቅን አልሰማም።

ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሁለት።
ያንኑ አንድ ጆንያ ሺህ ጊዜ ሲጽፍ
ስክሪኑ ላይ ወረደ እንደ ክረምት ጎርፍ።

ሮብሌ ተመልሶ በትከሻዬ አየና
«ወላሂ ሀብታም ሆንኩ! በል መርከብ ጥራና
እንጫን!» አለኝ፣ እስኪያስለው ሳቀና።

አፈርኩ። ስህተቴን ወዲያው ነው ያወቅሁት፦
አንብበህ ና ብዬ መልእክተኛ ላክሁት፣
ባዶ እጁን ሲመለስ ምን ያዝክ ሳልለው
ዕቃው ውስጥ የቀረውን፣ የቀድሞውን ቁጥር፣ ደግሜ መዘንኩት።

«ማለቂያ ምልክት አለው» አልኩት፣ «ግን ፊደል አይደለም፣
ከፊደሎች መሃል ብትፈልገው የለም።
በፊደል ልክ የተሰፋ ስልቻ አይችለውም፣
ካጠበብክበት ከሌላ ፊደል አይለይም።
ባዶ መስመርም አይደለም። ባዶ መስመር ሲመጣ
ሰውየው እዚያው ነው፤ ዝም አለ እንጂ አልወጣ።»

ሮብሌ ነጠላ ጫማውን አወለቀ፣ አሸዋውን አራገፈ።
ወጣትነቱ ባቡር ላይ ነው ያለፈ።

«የጭራ መብራት» አለ።
«ከመጨረሻው ፉርጎ ኋላ የሚንጠለጠል ቀይ ፋኖስ።
ሽንሌ ቆሜ፣ ሌሊት ባቡሩ ሲደርስ
ፉርጎ እቆጥራለሁ፤ ፋኖሱን አልቆጥርም፣
ጭነት አይደለማ። ግን እሱን ሳላይ
"ገባ" ብዬ አልጽፍም።»

«ካልታየስ?»

«ካልታየማ አላለቀም፤ ተበጥሷል።
ግማሹ ባቡር ከአዲጋላ ወዲህ ጨለማ ውስጥ ቀርቷል።
ያለቀውም የተበጠሰውም ዝምታው አንድ ነው፣
ሄዶ መጠየቅ ነው።»

ሁለት መስመር ጨመርኩ። አንብብ፤ ምን አመጣህ?
ባዶ እጅህን ከሆንክ፣ አልቆ ነው ወይስ መንገድ ላይ ተሰናክለህ?
ባትሪው ሰባት ከመቶ። እንደገና ጀመርን።
ስልሳ ሁለትን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ጻፈና
ድምሩን አስቀምጦ ወጣ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ እንደሚሄድ እንግዳ።

ማምሻውን ሮብሌን ወደ መጋላ ስሸኘው
በደቻቱ አሸዋ አቋረጥን፤ ጠብታ የለውም፣
የፍየል ኮቴና የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው።
«አልቋል ይሄ ወንዝ» አልኩ።
እሱ ሽቅብ፣ ወደ ደንገጎ፣ የጠቆረውን ሰማይ አየና
ሽርጡን ሰበሰበ።
«ፍጠን» አለኝ።