ንፋስ በግራው የገባ

በመኪና ግርግር፣ ከልብስ ሰፊው መንደር፣
ሃምሳ አለቃ ዘርጋው ሲንጀሩን ሲዘውር
እግሩ መርገጫው ላይ፣ ልቡ ምጽዋ ነበር።
እኔ ካውያ አሟቂ፣ ክር ቆራጭ፣ ለማጅ ልጅ፣
ባሕር የማውቀው በሱ ወሬ ነው እንጅ
ከኤረር በር ወዲያ አልወጣሁም ከደጅ።

ገበር ላይ በሳሙና መስመር እየሳለ
ያስተምረኝ ነበር፣ እንዲህ እያለ፦
"ሁለት ባለ ሸራ ፊት ለፊት ሲገጥሙ
ማዕረግ አይጠየቅ፣ አይጠየቅ ስሙ።
ንፋሱን ጠይቀው፤ በግራው ከገባ
ለቀኙ ይለቃል ያ ባለ ግራ ጀልባ።
ባንድ ጎን ከሆነ የሁለቱም ንፋስ
ከላይ ያለው ይዙር፣ ያሳልፍ በቀስ፤
ንፋስ የጠገበው፣ ላጣው ይመለስ።"

እስቅ ነበር እኔ። ለሐረር ምን ሊረባ?
ባሕሩ በጀሪካን፣ በአህያ ለሚገባ!

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ የሙሽራ ሱሪ ልናደርስ፣
እኔ ፍም ያለው ካውያ ይዤ፣ እሱ ልብሱን አቅፎ፣
ወደ ፈላና በር ስናቀና፣
ግንብና ግንብ መሐል፣ ትከሻ በሚልስ
ቀጭን መተላለፊያ፣ ነጂብ ብቅ አለና
ቆመ።
ነጂብ ባለ ጣቃው፣ ጥቅል ሸራ አዝሎ።

(ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል ሰላምታ ካቋረጡ።
የጎደለው ከፋይ ነው፣ ሁለት ክንድ፣
ሦስት የሚሉም ነበሩ።
ምስክሮቹ ሞተዋል። ኩርፊያው አለ።)

ወደ ኋላ መሄድ ለማንም አልታየ።
ሃምሳ አለቃ ቀና አለ፣ ከጣሪያው ላይ አየ፤
የተሰጣ ሻሽ ነው፣ ብርቱካን፣ ባለ ጥለት፣
ከኤረር የመጣ ንፋስ ወደ ሸዋ በር የሚጎትት።

እኔም በሆዴ ቆጠርኩ።
እኛ ወደ ሰሜን፤ ምሥራቅ በቀኛችን።
እሱ ወደ ደቡብ ነው፣ በግራው ነው ንፋሱ፤
መንገዱ የኛ ነው፣ የመመለስ ዕዳ የሱ!

ግን ነጂብ ምን ያውቃል?
ለነጂብ ሸራ ማለት የአይሱዙ ልብስ ነው።

ሃምሳ አለቃ ሱሪውን ደረቱ ላይ አጠፈ፣
ጀርባውን ለግንቡ ሰጠ፣
ሆዱን አሳነሰ፣ ትንፋሹን ዋጠ።
ሸራው አለፈ። ነጂብ አለፈ፣
ቁልፍ ከቁልፍ እየተነካካ።
ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ፣
ጥቅሉን ግንብ አስደገፈ።
"ጀርባህ ኖራ ሆኗል" አለና
በመዳፉ መታ፣ መታ፣ አራገፈ።
ሄደ።

"ቅድሚያው የኛ ነበር" አልኩ፣ "ንፋሱን ቆጥሬያለሁ!"
"ልክ ነህ" አለኝ፣ ሳቅ የቃጣው መሰለ፤
"ከደንቡ መጨረሻ አንድ መስመር አለ።
ቅድሚያ ያለው ጀልባም፣ ያኛው ባይለቅለት፣
ዝም ብሎ አይጋጭም፣ መሸሽ አለበት።"
"ይህን አልነገርከኝም!"
ጥቂት ዝም አለ፤ ሻሹ ከላይ ይውለበለብ ነበር።
"እኔም ዘጠኝ ዓመት ረስቼው ነበር።
በል ተራመድ፤ ካውያው እንዳይበርድ።"