የአጣቢዋ ሚዛን

ጋዜጣው ዋጋቸውን ጽፎ ፈረደ በጠዋት፤
ጎድሊቭ ግን፣ ኦስተንድ፣ ከሜዳው ምድር ቤት፣
"በዝውውር መስኮት ዘሎ የገባ ሁሉ
በኔ በር ያልፋል" ትላለች፣ "ካልሲው ነው ቃሉ።

ዘጠኝ ሚሊዮኑ አጥቂ? ሁለት ጨዋታ፣ ማልያው እንደ ነጣ መጣ፤
ሳሙናዬ ሰበብ አጣ።
ያ በውሰት የመጣው ከሲታ ግን፣ ግራ መስመር ያለው፣
ሦስቴ ብነክረውም ጭቃው አልለቅ አለው፤
ስሙን አሰልጣኙም አስተካክሎ አይጠራ፣
እኔ በእድፉ አውቀዋለሁ፣ ከሩቅ ሲያበራ።"

"በረኛውስ?" አልኳት።
የጓንቱን መዳፍ ገልብጣ አየች፣
"በሚዘንብ ቀን ጠይቀኝ" አለች።

ከዚያ ልብሱን አሰጣች፤ የባሕር ነፋስ ገባበት፣
ዘጠኝ ቁጥር ደረቱን ነፋ፣ እጁም ተዘረጋለት፤
"ይኸው ሮጠ!" ብላ ሳቀች፣ "ባለቤቱ ሳይኖርበት።"