ዘጠኝ ወንበር

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት፣ ልክ ቀትር ሲሆን፣
ሳይረኑ ይጮሃል አናውጦ መንደሩን።
ማንም ቀና አይልም፤ ውሻ እንኳ አይነሣ፤
ሙከራ ነውና፣ ጩኸቱ እንዳይረሳ።
በሌላ ቀን ሲጮህ ግን፣
ሹካ ከእጅ ይወድቃል።

እኔ ጸሐፊው ነኝ። ሳንባዬ ደካማ፣
ጭስ አይችልም ተብዬ የተነፈግሁ ጫማ።
በቦቲው ፈንታ ሰጡኝ ሰማያዊ መዝገብ፣
ስም ከነደቂቃው ለቅሜ እንድሰበስብ።

ቪየና ብትሄዱ፣ ደመወዝተኛ አለ፣
በፈረቃ የሚያድር፣ ተረኛ የተባለ።
እኛ ዘንድ፣ ሽተርንሎህ፣ ለእሳት ተብሎ የሚከፈለው የለ።
ቤትህ ሲቃጠል መሰላል የሚያቆመው፣
በልጅህ ፈተና ላይ ቀይ መስመር ያሰመረው፣
ትናንት ቧንቧህን ጠግኖ ሂሳብ ያናረው፣
ያው ጎረቤትህ ነው።

መኪናችን አሮጌ ናት፤ ብርድ ሲመታት ታስላለች፤
ዘጠኝ ወንበር ይዛ፣ ዘጠኝ ሰው ትላለች።
አዛዡ ኦትማር ነው፣ የጥርስ ሐኪሙ፤
«ክፈት!» ነው ትእዛዙ፤ ለአፍም ለውኃም አንድ ነው ቀለሙ።
ፓምፑና መሪው የገርሊንደ ድርሻ፤
ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ማርሹ ዱቄት ነው እስከ መጨረሻ።
መልእክተኛው ልጅ ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፤
ሬዲዮ ላይ ይሰነጠቃል ድምፁ፣ ጉርምስና ነው ምክንያቱ።
ሁለት ውኃ ፍለጋ፣ ሁለት ቱቦ ዝርጋታ፣
ሁለት ወደ ጭሱ፣ በር ሳያንኳኩ፣ ያለ ሰላምታ።
ብቻውን አይገባም እዚያ ማንም ሰው፣
ቢወድቅ ቀበቶውን የሚይዝ ከሌለ የሚመልሰው።

ማታ ማታ ሞልተን እንተርፋለን። ጭንቁ ቀን ነው፤
ጎልማሳውን ሁሉ የጠዋቱ ባቡር ወደ ፋብሪካ ሲነዳው፣
ተማሪና ሽማግሌ ነው መንደር የሚቀረው።

አዛዥ በድምፅ ነው የሚሾም። ባለፈው ምርጫ፣
ሩፐርት በሁለት ድምፅ ተረታ።
ቁሩን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ወጣ ያን ማታ።
ቦቲው ግን ቀረ፣ ሱሪው እላዩ ላይ ተጠቅልሎ፣
እግር ብቻ የሚጠብቅ፣ ቁመት የሌለው ሰው መስሎ።
ማንም አላነሣውም። እኔም አቧራውን ብቻ ጠረግሁ።

ኅዳር፣ ማክሰኞ ጠዋት።
ሩፐርት ጥርሱን ታሞ፣ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ፣
ሄደ ከባላንጣው ወንበር ሊተኛ።
ሌላ ሐኪም የለማ!
ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ያልተለዋወጡ፣
አንዱ አፉን፣ አንዱ መርፌውን ይዞ ተፋጠጡ።
«ክፈት» አለ ኦትማር። ከፈተ።
መድኃኒቱ ገባ፤ ከንፈሩ ሞተ፣ ጉንጩ ሆነ ድንጋይ፤
ሳይረኑ ያን ጊዜ ጮኸ ከጣሪያ ላይ።

ሁለቱም ሮጡ፤
ያኛው በነጭ ጋውን፣ ይኼኛው የወረቀት መሀረብ አንገቱ ላይ እንዳለ።

ጋራዡ ደጃፍ ቆሜ ቆጠርሁ፦
ገርሊንደ፣ ልጁ፣ መምህሯ፣
ሁለቱ የእንጨት ቤቱ ወንድማማቾች፣ ቧንቧ ሠራተኛው ሄርቪግ፣
ስልሳ አምስት ሊሞላው አንድ ወር የቀረው ሌዎፖልድ፣
ኦትማር። ስምንት።
ዘጠነኛው ምንም አላለ፤
ቢፈልግስ፣ ከንፈሩ የት አለ?
ቦቲው ውስጥ ገባ፣ ሱሪውን ሳበ፣
መቆለፊያውን ሳያይ ቆለፈ፣ ወንበሩን አገኘ።

የቫልትራውድ ጭስ ማውጫ ነበር የነደደው፤
ድመቷ ተረፈች፣ መጋረጃው ነው የሄደው።
በሩ ላይ ተንበርክኮ፣ ሩፐርት ቱቦውን ይዞ ነበረ፤
«ክፈት!» ሲል ኦትማር፣
አፉን ይሁን ውኃውን፣ ለአፍታ ተደናገረ።

መዝገቤን ገለጥሁ።
ጥሪ፦ አራት ሰዓት ከሰባት።
መነሻ፦ አራት ከአሥራ ሁለት።
የመጡ ሰዎች፦ ዘጠኝ።
ከታች «አስተያየት» የሚል መስመር አለ፣
ሁሌ ባዶውን የሚያድር። ዛሬ ጻፍሁበት፦
«አንድ ጥርስ ሳይነቀል ቀርቷል።
ሐሙስ ይቀጥላል።»